ማኪያቶ በቤታችሁ፣ በልካችሁ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤት ውስጥ የማሽን ቡና መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። የሚመጣልኝ ጥያቄ ግን ያው ነው። አንዱ እዚሁ አዲስ አበባ ሆኖ ይጠይቃል። ሌላዋ አሜሪካ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ትደውላለች። ሌላዋ ከዱባይ የድምፅ መልእክት ትልካለች። አብዛኞቹ የሚፈልጉት ሰፈራቸው ካፌ ቁጭ ብለው ይጠጡት የነበረውን ማኪያቶ ነው። እስቲ መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት። ቁጥሮቹ መነሻ ናቸው። ምላሳችሁ ሌላ ካለ ምላሳችሁን ስሙ።

ማሽን የለኝም። ያለ ማሽን ማኪያቶ ይሠራል?

ይሠራል። እኔም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የሠራሁት በሞካ ነው። ሞካ ያቺ ወገቧ ቀጠን ያለ፣ መሀሏ ላይ የምትፈታ የአሉሚኒየም ማፍያ ናት። እኛ ቤት የጣልያን ጀበና እንላታለን። ቢያሌቲ የተባለው የጣልያን ፋብሪካ ከ1933 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲሠራት ኖሯል። ቅርጿ እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም።

እውነቱን ለመናገር ከሞካ የሚወጣው ኤስፕሬሶ አይደለም። የካፌ ማሽን ውሃውን በቡናው ውስጥ የሚያሳልፈው 9 ባር ገደማ በሆነ ግፊት ነው። የሞካ አቅም ከ1 እስከ 2 ባር ነው። ስለዚህ ክሬማ የሚባለው፣ ያ ቡናው ላይ የሚተኛው ወርቃማ አረፋ አይመጣም። ቡናው ግን ጠንካራ ነው፤ ወተት ሲገባበት አይጠፋም። ለማኪያቶ ዋናው ነገር ይሄ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የታችኛው ክፍል ጎን ላይ ትንሽ ቫልቭ አለች። ውሃው ከእሷ በታች ይቁም። ውሃውን ቀድማችሁ አፍልታችሁ ጨምሩ፤ አለበለዚያ ቡናው ምድጃ ላይ ብዙ ይቆይና ያርራል። ታችኛው ክፍል ስለሚያቃጥል ስትገጥሙት በፎጣ ያዙት። ቡናውን ማጣሪያው እስኪሞላ ጨምሩና በጣት አስተካክሉት እንጂ አትጠቅጥቁት። የሦስት ሲኒዋ ሞካ 15 ግራም አካባቢ ትይዛለች። እሳቱን አሳንሱ፣ ክዳኑን ክፍት ተዉት። ቡናው መጀመሪያ ጥቁር ሆኖ ቀስ እያለ ይወጣል። መልኩ ሲገረጣና ሞካዋ ማፏጨት ስትጀምር ወዲያው አውርዱና ታችዋን ቀዝቃዛ ውሃ አስነኩት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወጣ ይጠብቃል። ምሬቱ የሚመጣው ከዚያች ጠብታ ነው።

አደራ፣ ውሃ መጨመራችሁን ሳታረጋግጡ አትጣዱ። እኔ አንድ ጊዜ ባዶዋን ጥጄ ስልክ ላይ ቆየሁ። ቀለበት ጎማዋ ተቃጠለችና ጠረኑ ከኩሽና እስኪወጣ ቀናት ፈጀ። ጎማዋ ለብቻዋ ስለምትሸጥ መተካት ይቻላል። ሌላው የምወድላት ነገር፣ መብራት ሲጠፋ በቡታጋዝም በከሰልም መሥራቷ ነው።

ለጀበና የተፈጨው ቡና ለማሽን ይሆናል?

ለሞካ ይሞከራል። ለማሽን ብዙ ጊዜ አይሆንም።

ጀበና ታጋሽ ናት። ደቃቁም ሻካራውም አብሮ ይፈላል፣ አተላው ይዘቅጣል፣ ከላይ ይቀዳል። ማሽን ያለው ጊዜ ግን ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ብቻ ነው። ቡናው እኩል ካልተፈጨ ውሃው ሻካራው ባለበት በኩል ሾልኮ ያመልጣል፣ ደቃቁ ጋ ደግሞ ይታፈናል። አንድ ሲኒ ውስጥ መራራም ኮምጣጣም አብሮ የምታገኙት ለዚህ ነው።

ልኩን በጣት እወቁት። ለሞካ እንደ ደቃቅ የገበታ ጨው ይሁን። ለማሽን ከዚያ ይድቀቅ፣ ይላም፤ ግን እንደ በርበሬ ዱቄት አይሁን። ያላችሁ ምላጭ ያለው የኤሌክትሪክ የቡና መፍጫ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትጫኑት። ሦስት ሰከንድ ፈጭታችሁ አራግፉ፣ እንደገና ፍጩ። ከዚያ በሻይ ማጥለያ ንፉትና ሻካራውን መልሱት። ለሞካ በቂ ነው።

ለማሽን ግን በሁለት ጥርሶች መሀል እየጨፈለቀ የሚፈጭ መፍጫ ያስፈልጋል። በእጅ የሚዞረውም ጥሩ ነው። ጧት ጧት አንድ ደቂቃ ማዞር ክንድ አያደክምም።

ቡናዬ አንድ ቀን ይኮመጥጣል፣ አንድ ቀን ይመራል። ምን እያጠፋሁ ነው?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው። መልሱም የምወደው ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

ውሃ ከቡና ውስጥ ጣዕም የሚያወጣው በተራ ነው። መጀመሪያ ቶሎ የሚወጣው ኮምጣጣው ነው። ቀጥሎ ጣፋጩ ይመጣል። መጨረሻ ላይ መራራውና አፍ የሚያደርቀው ይከተላል። ውሃው ቶሎ ካለፈ ኮምጣጣው ብቻ ይዞ ይወጣል። ብዙ ከቆየ መራራው ይጎተታል። ጥሩ ሲኒ ማለት መሀል ላይ ማቆም ነው።

መነሻ ልኬት ልስጣችሁ። 18 ግራም የተፈጨ ቡና አስገቡ። ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ 36 ግራም ፈሳሽ ይውጣ። አንድ እጅ ደረቅ፣ ሁለት እጅ ፈሳሽ ማለት ነው። የኩሽና ሚዛን ግዙ። በዓይን መገመት እኔንም ብዙ ቡና አስጥሎኛል።

እንግዲህ በ15 ሰከንድ 36 ግራም ከወጣና ከኮመጠጠ፣ ቡናውን አልም አድርጋችሁ ፍጩ። 45 ሰከንድ ፈጅቶ ከመረረ ሻከር አድርጉት። ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተዉት። የቡናውን መጠን፣ አፈጫጩንና ሙቀቱን በአንድ ቀን የቀየረ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም። አንድ ነገር ቀይሩ፣ ቅመሱ፣ ጻፉ። እኔ ማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈች ወረቀት አለችኝ። ቀን፣ ግራም፣ ሰከንድ፣ አንድ ቃል። «ጎምዛዛ»፣ «ለስላሳ»፣ «ይደገም»።

ጊዜው ልክ ሆኖ ጣዕሙ ከተበላሸስ? አሞላላችሁን ተመልከቱ። ቡናው አንድ ጎን ከተከመረ ውሃው ወደ ቀጭኑ በኩል ይሮጣል። ሳትጠቀጥቁት በፊት በቀጭን ሽቦ ወይም በመርፌ በታትኑትና አስተካክሉት። ስትጠቀጥቁም እጃችሁ ቀጥ ይበል። ዋናው ጉልበት አይደለም። ገጹ መደልደሉ ነው።

የትኛውን ቡና ልግዛ? ይርጋጨፌ ለማኪያቶ ይሆናል ወይ?

ይሆናል፣ ግን ምን እንደምትጠብቁ እወቁ። የታጠበ ይርጋጨፌ ቀለል ተደርጎ ሲቆላ የአበባና የሎሚ ቃና አለው። ያ ቃና ብቻውን ሲጠጣ ደስ ይላል። ወተት ሲገባበት ግን አንዳንዱ ሰው «ሻይ ሻይ አለኝ» ይላል፣ አንዳንዱ «ኮመጠጠ» ይላል። ለማኪያቶ ከፈለጋችሁት አቆላሉን ትንሽ ከበድ አድርጉት።

ለወተት የኔ ምርጫ ያልታጠበ ቡና ነው። ከነልጣጩ ፀሐይ ላይ የደረቀው ማለቴ ነው። የጅማና የሐረር ያልታጠበ ቡና ክብደት አለው። ሐረር ላይ የፍራፍሬ ጠረን ይመጣል፤ ወተቱ ውስጥም ጎልቶ ይሰማል። ጉጂና ሲዳማ ደግሞ በሁለቱም በኩል ይገኛሉ። ሻጩን «የታጠበ ነው ያልታጠበ?» ብላችሁ ጠይቁት። የቦታውን ስም ከማወቅ እኩል ይጠቅማል።

የልጅነት ማኪያቶውን የሚፈልግ ሰው ግን ጠቆር ብሎ የተቆላውን ይያዝ። የአዲስ አበባ የማሽን ቡና ጣዕም ከጣልያን አቆላል ጋር የተሳሰረ ነው። ፒያሳ የተጀመረው ቶሞካ የተባለው ቡና ቤት ከ1953 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጥቁር አቆላሉን ይዞ ቆይቷል። በዚያ ጠረን ያደገ ሰው ቀለል ተደርጎ የተቆላ ቡና አምጥተው ቢሰጡት «ቡና የለውም» ቢል አልፈርድበትም።

ቤት የቆላሁትን ቡና ማሽን ውስጥ ማስገባት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ብቻ ዕለቱን አይሁን።

ለጀበና ቡናው ተቆልቶ፣ ጭሱን አሽትተነው፣ ወዲያው ተወቅጦ ይፈላል። ማሽን ላይ ይህ አይሠራም። አዲስ የተቆላ ቡና ውስጡ ብዙ ጋዝ አለው። በግፊት ሲወጣ አረፋው ይበዛል፣ ያማረ ክሬማ ይመስላል፣ ደቂቃ ሳይሞላ ይጠፋል። ጣዕሙም ይሻክራል። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን አሳርፉት። ዕቃው ክዳኑ ጠበቅ ያለ ይሁን፤ ብርሃንና ሙቀት አይንካው። ከአራትና አምስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ጣዕሙን ማጣት ይጀምራል። ስለዚህ ለአንድ ወር የሚበቃችሁን ብቻ ቁሉ።

ምጣድ ላይ ስትቆሉ እጃችሁ አይረፍ። ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ቡኒ የሆነ ፍሬ ማሽን ላይ ወዲያው ይታወቃል። አንድ ፍሬ ለሁለት ስበሩና ውስጡን እዩት። እንደወረደ ለማራገቢያ ፊት ስጡት። ትኩስ ሆኖ ከቆየ በራሱ ሙቀት መቆላቱን ይቀጥላል።

ወተቱ አረፋ አልሠራ አለኝ

በመጀመሪያ ወተቱ ምን ዓይነት ነው? አረፋውን የሚይዘው የወተቱ ፕሮቲን ነው። ቅባቱ አፍ ላይ ለስላሳነት ይሰጣል። ለማኪያቶ ያልተገፋ ሙሉ ወተት ይሻላል። ወተት የቆየ ከሆነ ገና ሳይኮመጥጥም አረፋው ይከሽፋል። እንደ ሳሙና ፍንክት ፍንክት ይልና ይሞታል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የእጃችሁ አይደለም። ወተት ቀይሩ።

ከጎረቤት ላም የሚመጣ ጥሬ ወተት ያላችሁ መጀመሪያ በደንብ አፍሉት። ከዚያ አቀዝቅዙት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር፣ ስልባቦቱን አንሱ። ጧት ለማኪያቶ የምትፈልጉትን ያህል ብቻ አሙቁ። እኔ ከሞከርኩት ሁሉ ጣፋጩ ማኪያቶ በዚህ ወተት የሠራሁት ነው። የላስቲክ ወተትም ጥሩ ነው። የዱቄት ወተት ሲቸግር ይሆናል። በጥብጣችሁ ወዲያው አትሥሩበት። ጥቂት ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይ።

ሙቀቱ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውስጥ ይቁም። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ የማሞቂያውን ዕቃ በመዳፋችሁ ያዙ። «ከዚህ በላይ አልችልም» ስትሉ ደርሷል። ከ70 ዲግሪ ሲያልፍ ወተቱ የተፈላ ወተት ጠረን ያመጣል፣ ጣፋጭነቱም ይደበዝዛል። «ይንተክተክልኝ» የምትል እናት ካለችኝ ግን ክርክር የለም። ለሷ አንተክትኬ ነው የምሰጠው።

የእንፋሎት ቱቦ ካላችሁ ሥራው ሁለት ደረጃ አለው። ወተቱ ቀዝቃዛ ይሁን፣ ጆጉ ግማሽ ይሙላ። መጀመሪያ የቱቦውን ጫፍ ከወተቱ ገጽ በትንሹ ብቻ ንከሩት። ወረቀት እንደመቅደድ ያለ «ጭስ ጭስ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። አየር እየገባ ነው። ጆጉ ለብ እስኪል ብቻ ይህን አድርጉ፤ ጥቂት ሰከንድ ነው። ከዚያ ጫፉን ወደ ውስጥ አስጥሙና ወተቱ ክብ እየሠራ እንዲሽከረከር ጆጉን ዘንበል አድርጉ። ትላልቆቹ አረፋዎች የሚሰበሩት በዚህ ሽክርክሪት ነው። ሲያልቅ ጆጉን ጠረጴዛው ላይ ጠብ ጠብ አድርጉና አሽከርክሩት። ገጹ እንደ ትኩስ ቀለም ካብለጨለጨ ተሳክቷል።

ቱቦ የሌላችሁ በፍሬንች ፕሬስ፣ ማለትም መጥለያው በእጅ ወደ ታች በሚገፋው የቡና ማፍያ ሥሩት። ወተቱን ድስት ላይ አሙቁ፣ ሢሶውን ያህል ሙሉ፣ መጥለያውን ከ15 እስከ 20 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ግፉ። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ መምቻም ትረዳለች። እሱም ከሌለ ክዳን ያለው ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ቀዝቃዛ ወተት ግማሽ አድርጋችሁ ሠላሳ ሰከንድ ናጡ፤ እርጎ እንደሚናጥ። ከዚያ በዝግታ አሙቁት።

የካፌ ማኪያቶ ልኩ ስንት ነው?

እኔ የምጠቀምባት ትንሽ ብርጭቆ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ትይዛለች። 30 ቡና፣ 50 ወተት፣ የቀረው አረፋ። ይህ መሀለኛው ነው። ጠቆር ያለ ለሚወድ ወተቱን ወደ 30 አወርዳለሁ። ነጣ ያለ ለሚወድ ቡናውን ወደ 20 አወርድና ወተቱን እጨምራለሁ። በድርብ የወጣውን 36 ግራም ለሁለት ሰው ብትከፍሉት ለስላሳ ማኪያቶ ይሆናል።

ሦስት መደብ እንዲሠራ የሚፈልግ ወተቱን መጀመሪያ ይቅዳ፣ አረፋውን ከላይ ያስቀምጥ፣ ቡናውን በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ አድርጎ ያንጠባጥብ። ወተት ከቡና ስለሚከብድ ታች ይቀራል። አረፋው ይንሳፈፋል። ቡናው መሀል ይቀመጣል። በብርጭቆ ካልሆነ አይታይም፤ ለዚህ ነው እኔ ለማኪያቶ ሲኒ የማልጠቀመው።

ውጭ አገር ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማኪያቶ በጣልያንኛ «ነጠብጣብ ያረፈበት» እንደማለት ነው። ጣልያን አገር ስታዙ የሚመጣው ጥቁር ቡና ላይ ጠብታ ወተት ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በአንዳንዱ ካፌ ካራሜል የፈሰሰበት ትልቅ ኩባያ ሊመጣ ይችላል። እስራኤል ያላችሁ ወደኛው የሚቀርበውን «ሃፉክ» ታውቁታላችሁ፤ ግን ወተቱ ይበዛል። የአዲስ አበባው ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ለውጭ አገር ባሪስታ ማስረዳት ካለባችሁ ስሙን ትታችሁ ልኩን ንገሩት፦ አንድ ኤስፕሬሶ፣ እጥፍ የማይሞላ ወተት፣ በትንሽ ብርጭቆ።

ካፑቺኖ ለመሥራት ኩባያውን ወደ 150 ሚሊ ሊትር አሳድጉና አረፋውን አወፍሩ። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ስፕሪስስ?

ግማሽ ሻይ፣ ግማሽ ቡና። ውጭ አገር የተወለዱ ልጆች ሲሰሙት ይገርማቸዋል፣ ሲቀምሱት ይስማማሉ። ሻዩን በቀረፋና በቅርንፉድ ጠንከር አድርጋችሁ አፍሉ። ስኳሩን ሻዩ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አሟሙ። ስኳር ያለበት ፈሳሽ ስለሚከብድ ታች ይቆያል፣ ቡናው ላዩ ላይ ይተኛል። የማሽን ቡና ሆኖ ክሬማ ካለው በጣም ያምራል። ከመጠጣታችሁ በፊት አማስሉት።

ጾም ሲገባ ማኪያቶ ይቅር?

አይቀርም። ረቡዕና ዓርብን፣ ከዚያም ሁዳዴን 55 ቀን ለሚጾም ሰው ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። እኔም ብዙ ነገር ሞክሬያለሁ።

የአኩሪ አተር ወተት ፕሮቲን ስላለው ጥሩ አረፋ ይሠራል። ችግሩ ኮምጠጥ ያለ ትኩስ ቡና ሲያገኘው ይቋጠራል። መፍትሔው ጠቆር ብሎ የተቆላ ቡና መያዝ፣ ወተቱን ቀድሞ ማሞቅና ቡናውን ቀስ እያሉ እሱ ላይ መጨመር ነው። በብዛት የሚመረጠው የአጃ ወተት ነው። ገበያ ላይ ለባሪስታ ተብሎ የሚሸጠው ዘይት ስለሚጨመርበት አረፋው ይወፍራል። ቤት የፈጫችሁት አጃ ግን ሲሞቅ እንደ አጥሚት ይወፍራል፤ አትልፉ።

ለውዝ ርካሽና ጣፋጭ ነው። ሌሊቱን ዘፍዝፉ፣ ልጣጩን አንሱ፣ በውሃ ፍጩ፣ በነጠላ ጨርቅ አጥልሉ፣ አፍሉት። አረፋው ሳሳ ያለ ነው። ጣዕሙ ግን ከጥቁር ቡና ጋር እጅግ ይስማማል። ሱፍም ሞክሬ ነበር። ለፍትፍት ይሻለዋል።

ማሽን ልግዛ ብል የትኛውን?

በጀታችሁን ለሁለት ክፈሉ። ግማሹ ለመፍጫው ይሁን። ርካሽ ማሽን ከጥሩ መፍጫ ጋር፣ ውድ ማሽን ከመጥፎ መፍጫ ጋር ከተጋጠመው የተሻለ ቡና ያወጣል። ይህን የምለው ተቃራኒውን አድርጌ ስለተጸጸትኩ ነው።

ሳጥኑ ላይ «15 ባር» ብሎ ሲጽፍ አትደነቁ። ፓምፑ የሚችለው ከፍተኛው ግፊት ማለት ነው። ለቡናው የሚፈለገው 9 ገደማ ነው። ከዚያ ይልቅ የሚታየው ማጣሪያው ነው። ከርካሽ ማሽኖች ጋር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ባለ ሁለት ግድግዳ ነው፤ ከሥሩ አንዲት ቀዳዳ ብቻ አለችው። ቡናው ሻካራ ቢሆንም አረፋ ያወጣል። ለጀማሪ ጥሩ ነው። ጥሩ መፍጫ ስታገኙ ግን ባለ አንድ ግድግዳውን ፈልጉ። ያን ጊዜ ነው አፈጫጫችሁን የምትማሩት።

በእጅ ዘንግ የሚገፋ ማሽንም አለ። ክሬማ ራሱ የመጣው ከዚያ ዓይነቱ ነው። የሚላኖው አኪሌ ጋጂያ በ1940ዎቹ መጨረሻ ዘንግ ያለው ማሽን ለገበያ ሲያቀርብ ነው ሰው ያን አረፋ ማየት የጀመረው። የቤት ዓይነቶቹ ፓምፕ የላቸውም፤ አንዳንዶቹ ሙቅ ውሃ ብቻ ይበቃቸዋል። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት አስቡበት።

ባለ ካፕሱሉ፣ ማለትም ተፈጭቶ በታሸገ ቡና የሚሠራው ማሽን ምቹ ነው። ግን ቡናውንም አፈጫጩንም ሌላ ሰው ወስኖላችኋል። በራስ ልክ ለመሥራት ቦታ አይሰጥም።

አዲስ አበባ ላይ ውሃው ቶሎ ይፈላል ይባላል። ለውጥ አለው?

አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ለኤስፕሬሶ የሚፈለገው ደግሞ ከ90 እስከ 96 ነው። ስለዚህ በኤሮፕሬስ (በእጅ ተገፍቶ ቡና በሚያጣራው ቱቦ) ወይም በእጅ ማሽን የምትሠሩ ከሆነ ውጭ አገር ያሉ ሰዎች «ውሃው ፈልቶ ትንሽ ይቀዝቅዝ» ሲሉ አትስሟቸው። እንደፈላ ጨምሩ። ዕቃውንም ቀድማችሁ አሙቁ። የኤሌክትሪክ ማሽን ውሃውን በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ስለሚያሞቅ ብዙ አይነካውም።

ስኳር፣ ጨው፣ ጤና አዳም?

ስኳር የምትጨምሩ ቡናው እንደወጣ፣ ወተቱ ሳይገባ ጨምሩ፤ በደንብ ይሟሟል፣ አረፋውንም አትረብሹትም። ጨው ቁንጥር ብቻ ከሆነ የመረረ ቡናን ያለዝባል። ጤና አዳም ማኪያቶ ላይ ሞክሩት። አንድ ትንሽ ዘለላ ወተቱ ሲሞቅ ነክራችሁ አውጡ። ቅቤ ግን ማሽኑ ውስጥ በምንም መንገድ አይግባ። ሲኒው ላይ የናንተ ምርጫ ነው።

ማሽኑን በምን ላጽዳ?

የእንፋሎት ቱቦውን ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ትንሽ እንፋሎት ልቀቁ። ወተት ከደረቀበት ጣጣ ነው። ውሃችሁ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተው ከሆነ ማሽኑ ውስጥም እየተጠራቀመ ነው። በየሁለትና ሦስት ወሩ የማሽኑ መመሪያ በሚያዘው ማጽጃ አጽዱ። የተጣራ ውሃ መጠቀም ሥራውን ያቀልላል። ሞካን በሳሙናና በሽቦ አትፈትጉ። ሙቅ ውሃ ይበቃታል። ከዚያ በደንብ ይድረቅ።

ማታ ብጠጣ እንቅልፍ ይነሳኛል?

ሰው ይለያያል። አንድ ኤስፕሬሶ 60 ሚሊ ግራም አካባቢ ካፌይን አለው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ለጤነኛ ጎልማሳ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ ለነፍሰ ጡር እስከ 200 ይላል። የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሐኪሙን ይጠይቅ። እኔ ከአሥር ሰዓት በኋላ አልጠጣም።

ስድስት እንግዳ መጣብኝ። በአንዲት ትንሽ ማሽን እንዴት ላድርስ?

አንድ በአንድ ከሠራችሁ የመጀመሪያው ሰው ሲጨርስ የመጨረሻው ገና ይጠብቃል። ማሽኑን ትታችሁ ትልቋን ሞካ ጣዱ። የስድስት ሲኒዋ ለስድስት ማኪያቶ ትበቃለች። እሷ ስትፈላ ወተቱን በትልቅ ፍሬንች ፕሬስ አንድ ላይ ምቱ። ብርጭቆዎቹን በሙቅ ውሃ ቀድማችሁ አሙቁ። ትሪው ላይ ደርድሩና ለሁሉም ወተቱን ቅዱ። ከዚያ «ጠቆር ያለ ማነው? ነጣ ያለስ?» እያላችሁ ቡናውን በየሰው ልክ ጨምሩ። ስኳሩን መሀል አስቀምጡት።